የአሮጌ መኪና ራዲያተር ፋን፦ ስለ መቀየርና ስለ መግጠም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላዳዬ 2101 ናት። ከአባቴ ነው የወረስኳት። መንጃ ፈቃድ ሳላወጣ ገና ኮፈኗን ከፍቼ ውሃ መሙላት ለምጄ ነበር። አሮጌ መኪና እንዳለኝ የሚያውቅ ሰው ሲያገኘኝ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሙቀት ላይ ያርፋል። «ፋኑን ላስቀይረው ነው፣ ምን ትላለህ?» ይለኛል። መልሴን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ምሳሌዬ በአብዛኛው ላዳ ነው፤ በእጄ የፈታሁትም የገጠምኩትም እሱን ስለሆነ። ዲኤክስ (የድሮው ቶዮታ ኮሮላ)፣ ፔጆ 404 ወይም ላንድሮቨር ያላችሁም ብዙው ይጠቅማችኋል።

መኪናዬ ይሞቃል። ችግሩ የፋን መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መቼ እንደሚሞቅ ተመልከቱ። ቆሞ ወይም በመንገድ መጨናነቅ ሲንፏቀቅ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ፣ መንገዱ ሲለቀቅለት ደግሞ የሙቀት ጌጁ የሚወርድ ከሆነ፣ ፋኑን ጠርጥሩ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ከፊት የሚገባው ነፋስ ብቻውን ለራዲያተሩ ይበቃዋል። ያን ጊዜ ፋኑ ብዙም ሥራ የለውም።

ነገሩ በተቃራኒው ከሆነስ? ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ ከሆነ ፋን መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። መፈለግ ያለበት የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ፣ የተጣበቀ ቴርሞስታት (ውሃው እስኪሞቅ የራዲያተሩን መንገድ የሚዘጋው)፣ የተዛባ ታይሚንግ (የእሳት መስጫው ጊዜ) ወይም የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው።

ይህን መጀመሪያ ያመጣሁት ያለምክንያት አይደለም። ፋን ገዝቶ፣ አስገጥሞ፣ ሙቀቱ እንዳለ ሲቀርበት ያዘነ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ፋን የሚስበው አየር ነው። ውሃው ራዲያተሩ ውስጥ ካልዞረ አየሩ ቢበዛም ዋጋ የለውም።

አንድ ቀላል ፍተሻ አለ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፉት፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ከዚያ የራዲያተሩን ፊት በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ዙሪያው ሞቆ መሃሉ ወይም ጥጉ ቀዝቃዛ ሆኖ ካገኛችሁት እዚያ ጋ ውሃ አያልፍም። ያ ራዲያተር መጀመሪያ መጠረግ አለበት። የራዲያተሩ ስስ ክንፎች መሃል የገባውን አቧራና የሞተ ነፍሳትም በውሃ እጠቡ። ውሃውን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ነው የሚረጩት፤ ከፊት ከረጫችሁ ቆሻሻውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።

አዲስ አበባ ላይ አሮጌ መኪና ቶሎ የሚፈላው ለምንድን ነው? አየሩ እኮ ቀዝቃዛ ነው።

አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ስስ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እዚህ በ92 ገደማ ይፈላል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ወደ 90 ይወርዳል። ሽሮው ቶሎ የሚንተከተከው፣ ባቄላው ግን አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

መኪናውን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ታፖ የምንለው። ክዳኑ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ግፊት አምቆ ይይዝና ውሃው በቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ላዩ ላይ 0.9 (የግፊቱ መጠን በባር) የሚል ክዳን በትክክል ከሠራ አዲስ አበባ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያወጣዋል። ብዙ አሮጌ መኪኖች የተሠሩበት 0.5 ደግሞ ወደ 106። ስፕሪንጉ የሞተ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ከሆነ ተመልሳችሁ 92 ላይ ናችሁ። ስለዚህ ፋን ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ። በጣም ርካሹ ጥገና እሱ ነው። አሮጌ ራዲያተር ላይ ግን ፋብሪካው ካዘዘው በላይ ጠንካራ ክዳን አትግጠሙ፤ ብየዳው ይከፈታል።

አየሩ ስስ መሆኑ ፋኑንም ይነካዋል። ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ እዚህ የሚያሳልፈው አየር ባሕር ዳርቻ ከሚያሳልፈው በክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አውሮፓ ሜዳ ላይ «ይበቃል» የተባለ ፋን እዚህ የአቅሙ ጫፍ ላይ ደርሶ ነው የሚሠራው።

የድሮው ፋን እንዴት ነው የሚሠራው?

በላዳ 2101 ላይ የፕላስቲክ ፋኑ የታሰረው የውሃ ፓምፑ ፑሌጃ (ቺንጋ የምንለው የጎማ ቀበቶ የሚዞርበት መንኮራኩር) ላይ ነው። ፓምፑንም ዲናሞውንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ሞተሩ ከዞረ ፋኑ ይዞራል፤ ሙቀት ኖረም አልኖረም። ቀላል ነው፣ ሽቦ የለውም፣ አይዋሽም። ጉድለቱ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር እሱም በዝግታ መዞሩ ነው። በጣም በምንፈልገው ሰዓት፣ ትራፊክ ላይ ቆመን ሳለ፣ ይደክማል።

ፔጆዎች ይህን ቀድመው ነው ያሰቡበት። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው 404 በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያያዝና የሚላቀቅ ፋን ነበረው። ውሃው ሲሞቅ ማግኔቱ ይይዘዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ያ ፋን ያላችሁ ሰዎች ቶሎ ተስፋ አትቁረጡበት። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ማግኔቱ ሳይሆን ኤሌክትሪክ የምታደርሰው ትንሿ ካርቦን ወይም የሙቀት ሴንሰሩ ነው።

ሌሎች መኪኖች ላይ ደግሞ ሲልከን ዘይት ያለበት ክላች መሃል ላይ ታገኛላችሁ። ቀዝቃዛ ሞተር አጥፍታችሁ ፋኑን በእጅ ስታዞሩት ትንሽ እየተቃወመ መዞር አለበት። ምንም ሳይዛችሁ እንደ መጫወቻ ከተሽከረከረ ወይም ከመሃሉ ዘይት ካንጠባጠበ ክላቹ አልቋል።

ፋኑ ክንፍ ላይ ስንጥቅ አየሁ። ይጣበቃል ወይስ ይበየዳል?

አይጣበቅም፣ አይበየድም። ይጣላል። የተሰነጠቀ ክንፍ በ4,000 ዙር ሲበጠስ ራዲያተሩን ይቀደዋል፣ ኮፈኑንም ሊበሳ ይችላል። ኮፈን ከፍቶ የቆመ ሰው ካለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የተጣመመ የብረት ክንፍ በመዶሻ ማቃናትም እንደዚያው ነው፤ ሚዛኑ ይዛባና የፓምፑን ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ይበላዋል።

የድሮውን በተመሳሳይ ልቀይር ነው። ከየት ልጀምር?

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። በራዲያተሩና በፋኑ መሃል አንድ ጠንካራ ካርቶን አስገቡ። ይህችን ካርቶን አትናቁ፤ ቁልፉ አምልጦ የራዲያተሩን ክንፍ የሚያጣምመው እዚህ ጋ ነው። የጠበበ መኪና ከሆነ ራዲያተሩን ማውጣት ይሻላል። ላዳ ወደ አሥር ሊትር የሚጠጋ ውሃ ስለምትይዝ ንጹሕ ባልዲ አዘጋጁ።

ቡሎኖቹን ማላላት ያለባችሁ ቺንጋው ገና ጥብቅ ሳለ ነው። ቺንጋውን አስቀድማችሁ ካላላችሁ ፑሌጃው ከቁልፉ ጋር አብሮ ይዞርባችኋል። ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ የፋኑ የትኛው ፊት ወደ ራዲያተሩ እንደሚያይ በኖራ ወይም በቀለም ምልክት አድርጉበት። ተገልብጦ የተገጠመ ፋን ይዞራል፣ ይጮኻል፣ አየር ግን በቅጡ አይስብም።

ፋኑ ከወጣ በኋላ የፓምፑን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ሄዷል። አዲስ ፋን በሞተ ፓምፕ ላይ አትግጠሙ። አንድ ቀን ፓምፑ ይዘነበልና ፋኑ ራዲያተሩን ይፈጨዋል። ከፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የሚወርድ የውሃ ምልክትም ያንኑ ነው የሚነግራችሁ።

አዲሱን ገጥማችሁ ስትጨርሱ በእጅ ሙሉ ዙር አዙሩት። የትም መንካት የለበትም። ከራዲያተሩ ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ሞተሩ ነዳጅ ስትሰጡትም ፍሬን ስትይዙም በተቀመጠባቸው ጎማዎች ላይ ይወዛወዛል። የሞተር ጎማዎቹ ያረጁ ከሆነ ውዝዋዜው ይብሳል። በመጨረሻ ቺንጋውን አጥብቁ። ረጅሙ ቦታ ላይ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቢሰጥ ትክክል ነው። ከዚያ በላይ የጠበቀ ቺንጋ ኩሽኔታ ይገላል።

ወደ ኤሌክትሪክ ፋን ልቀይር ወይስ የድሮው ይቆይ?

የእኔን ሐሳብ በግልጽ ልናገር። መኪናው በአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ፣ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ላይ በየቀኑ የሚቆም ከሆነ፣ በደንብ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ፋን ዕረፍት ይሰጣል። ሞተሩ በዝግታ ቢዞርም ፋኑ በሙሉ ጉልበቱ ይዞራል። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል። ድምፁም ይቀንሳል።

መኪናውን እንዳለ ለማቆየት የምትፈልጉ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የምታወጡት ከሆነ ግን የድሮውን አትንኩት። ንጹሕ ራዲያተር፣ ጤነኛ ፓምፕ፣ ጥሩ ክዳንና ጥሩ ቺንጋ ይዞ የወጣበትን ሥራ ይሠራል። ከቀየራችሁም የድሮውን ፋንና ቡሎኖቹን ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጡ። አንድ ቀን ትፈልጉታላችሁ።

ላዳን በተመለከተ ፋብሪካው ራሱ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ሄዷል። ብዙዎቹ 2107 የኤሌክትሪክ ፋን፣ መከለያ (ፋኑን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቤት)ና ራዲያተሩ ላይ የተበጀ የሴንሰር ቦታ ይዘው ነው የመጡት። ያንን በሙሉ ከአንድ የቆመ 2107 ላይ አውጥቶ 2101 ላይ መግጠም ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ነው። እኔም መጨረሻ ላይ ያደረግሁት እሱን ነው።

ምን ዓይነት ፋን ልግዛ? በስንት ኢንች?

የመኪና መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛ የራዲያተሩን የክንፍ ቦታ ቁመትና ወርድ። ሁለተኛ ከራዲያተሩ እስከ ፓምፑ አፍንጫ ያለውን ርቀት። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው። ፋኑ ያምራል፣ ዋጋው ያምራል፣ ቤት ሲደርስ ሞተሩ ከፓምፑ ጋር ይጋጫል።

ባለ 12 ኢንች ማለት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ 14 ማለት ወደ 36 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚገባላችሁን ትልቁን ውሰዱ። ግን ስፋት ብቻውን አይበቃም። ጉልበቱን የሚነግራችሁ አምፔሩ ነው። ትልቅ ሆኖ 3 አምፔር ብቻ የሚበላ ፋን ለእንቅልፍ ይመቻል እንጂ ራዲያተር አያቀዘቅዝም። ለላዳ ዓይነት ሞተር ከ8 እስከ 12 አምፔር የሚበላውን እኔ እመርጣለሁ።

አሮጌ ስትገዙ ሻጩ በባትሪ አስነስቶ ያሳያችሁ። መጀመሪያ በእጅ አዙሩት፤ የሚንገጫገጭ ወይም አሸዋ የሚያላምጥ ዓይነት ድምፅ ካለው ተዉት። ከቪትዝና ከመሳሰሉት ትናንሽ የጃፓን መኪኖች የሚወጡት ከነመከለያቸው ስለሚሸጡ ጥሩ ናቸው፤ ልኩ ከገጠመላችሁ።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ፋን ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ልኩን በሴንቲ ሜትር ጽፋችሁ ላኩለት እንጂ «የላዳ ፋን» ብላችሁ አትላኩት። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የአየር መጠን ብዙ ጊዜ የተለካው ፋኑ ፊት ምንም ራዲያተር ሳይኖር ስለሆነ ብዙም አትመኩበት።

ከራዲያተሩ ፊት ነው ወይስ ከኋላ የሚገጠመው?

ቦታ ካለ ከኋላ፣ በሞተሩ በኩል። ከኋላ ሆኖ ወደ ራሱ የሚስብ ፋን መንገድ ላይ ስትነዱ ነፋሱን አይጋርድም። ከፊት የሚቀመጠው ቦታ ለጠፋበት መኪና ነው።

አቅጣጫውን በወረቀት አረጋግጡ። ፋኑ እየዞረ አንድ ገጽ ወረቀት በራዲያተሩ ፊት ያዙ። ወረቀቱ ራዲያተሩ ላይ ተለጥፎ መቅረት አለበት። ወደ እናንተ ከተገፋ ፋኑ በተቃራኒ እየዞረ ነው። ሁለቱን ሽቦ በማቀያየር አዙሪቱ ይገለበጣል፤ ነገር ግን ክንፉ ለአንድ አቅጣጫ ታስቦ የተቀረጸ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉን ነቅሎ መገልበጥ የሚቻልበት ፋን ከሆነ ሁለቱንም አብራችሁ ገልብጡ።

በራዲያተሩ ክንፍ መሃል በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር ይቻላል?

እባካችሁ አይሆንም። ይህን በራሴ ነው ያየሁት።

የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ፋኔን አንድ ጋራዥ ውስጥ በአራት የፕላስቲክ ማሰሪያ ነበር ያሰሩልኝ። ከፋኑ ጋር አብረው የሚመጡ ስለሆኑ እኔም አልተጠራጠርኩም። ሥራው በግማሽ ሰዓት አለቀ። ሁለት ወር ሳይሞላ ወደ ጎጃም ስንሄድ፣ ከጎሃ ጽዮን ወርደን አባይን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ጀመርን። ዳገቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ግማሹን ሳንጨርስ ያ የሞቀ ኩላንት ጣፋጭ ሽታ ውስጥ ድረስ መጣ። ማሞቂያውን ሙሉ ከፍቼ ዳር ያዝኩ።

ኮፈኑን ስከፍት አንደኛው ማሰሪያ ባለበት ቦታ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር። ትወድቃለች፣ ሌላዋ ትተካለች። ፋኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ማሰሪያው እንደ መጋዝ ክንፎቹን በልቶ የመዳብ ቱቦው ጋ ደርሷል። ቱቦው ላይ አረንጓዴ ዝገት ጀምሮ ነበር፤ ማለት ለሳምንታት ሲያለቅስ ከርሟል፣ እኔ አላየሁትም። ሞተሩ እስኪቀዝቅዝ ከአርባ ደቂቃ በላይ ጠብቀን ውሃ እየሞላን ደጀን ገባን።

ትክክለኛው አያያዝ ይህ ነው። ሁለት የአንግል ብረት ወይም ጠንካራ ላሜራ ከራዲያተሩ የጎን ፍሬም እስከ ፍሬም ይዘረጋና ፋኑ ወይም መከለያው እሱ ላይ በቡሎን ይታሰራል። ብረቱ ፍሬሙን በሚነካበት ቦታ የጎማ ቁራጭ አስገቡ። ዳዶው የማይፈታ ዓይነት ይሁን። የራዲያተሩ ክንፍ ምንም ክብደት መሸከም የለበትም።

መከለያው የግድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። አንድ ክብ ፋን ከአራት ማዕዘን ራዲያተር ላይ የሚሸፍነው መሃሉን ብቻ ነው። ጥጎቹ ሥራ ይፈታሉ። መከለያው ዙሪያውን ከዘጋው ግን አየሩ በጥጎቹም በኩል አልፎ ወደ ፋኑ ይሰበሰባል። ያው ፋን ነው፣ ውጤቱ ሌላ ነው።

የተገዛ ከሌለ ላሜራ ሠሪ በግማሽ ቀን ያወጣላችኋል። ከራዲያተሩ እስከ ፋኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑረው፤ ራዲያተሩ ላይ የተለጠፈ ጠፍጣፋ ላሜራ ጥጎቹን ይደፍናቸዋል። በቺንጋ ለሚዞረው ለሜካኒካል ፋን ደግሞ ክንፉ ግማሹ ከመከለያው ቀለበት ውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ ሆኖ መቀመጥ አለበት።

ሽቦውን እንዴት ነው የምዘረጋው?

ዋናው ነገር የፋኑ ኤሌክትሪክ በቁልፍ ወይም በሴንሰር ውስጥ እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ሪሌ ተጠቀሙ፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ መቀያየሪያ ነው። አራት እግር ያለው ተራ ሪሌ ላይ 30፣ 87፣ 85 እና 86 የሚል ተጽፎ ታገኛላችሁ።

ከባትሪው ፖዘቲቭ ወፍራም ሽቦ ይነሳል። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይገባበታል፤ 10 አምፔር ለሚበላ ፋን ባለ 20 ይበቃል፣ ሲነሳ ለአፍታ ብዙ ስለሚስብ ከዚያ በታች ይቃጠላል። ከፊውዙ ወደ 30፣ ከ87 ወደ ፋኑ፣ ከፋኑ ወደ ቦዲ። 86 የመኪናው ማስነሻ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ ጋር በትንሽ ፊውዝ ይያያዛል። 85 ወደ ሴንሰሩ፣ ሴንሰሩ ወደ ቦዲ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለዋናው መስመር ባለ 4 ካሬ (4 ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ውሰዱ። የቤት ሽቦ አይሁን። የቤት ሽቦ አንድ ድርቅ ያለ መዳብ ስለሆነ የሞተር ንቅናቄ ይሰብረዋል። ብዙ ቀጫጭን ጅማት ያለው የመኪና ሽቦ ነው የሚያስፈልገው። የቦዲው ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ይታይ። ፋኑ እየዞረ ባትሪው ላይና ፋኑ ላይ በቮልት ሜትር ለኩ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ማያያዣው ላልቷል።

ዳሽቦርድ ላይ በእጅ የሚከፈት ቁልፍ ብቻ የሚያስገጥሙ አሉ። እኔ አልስማማም። ሰው ይረሳል። ቁልፉ ከሴንሰሩ ጎን ለጎን ለክፉ ቀን ይኑር።

ሴንሰሩ በስንት ዲግሪ ይነሳ?

ለላዳ የሚሸጠው ሴንሰር በሦስት ዓይነት ይገኛል። በ92 ተነስቶ በ87 የሚያጠፋ፣ በ95 ተነስቶ በ90 የሚያጠፋ፣ በ99 ተነስቶ በ94 የሚያጠፋ። ደጋ ላይ ለምንነዳ የመጀመሪያው ነው የሚሻለው። ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል፤ ክዳኑ ትንሽ ከደከመ ባለ 99ኙ ሳይነሳ ውሃው ቀድሞት ይፈላል።

በጣም ዝቅ ያለም አትግዙ። ቴርሞስታቱ 80 ገደማ ላይ ነው የሚከፈተው። ሴንሰሩ ከእሱ ጋር ከተጠጋ ፋኑ ዕረፍት ያጣል።

የ2101 ራዲያተር የሴንሰር ቀዳዳ የለውም። ወይ የ2107ቱን ራዲያተር ትጠቀማላችሁ፣ ወይ ማኒኮቶው (ውሃ የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ) ተቆርጦ መሃሉ የሚገባ ቀዳዳ ያለው የብረት ቱቦ ታስገባላችሁ። ባለ አንድ እግር ሴንሰር ከሆነ ያ ቱቦ በጎማ መሃል ተንሳፍፎ ስለሚቀር በሽቦ ከቦዲ ጋር አያይዙት። ቀጭን መዳብ ሴንሰር በማኒኮቶው አፍ ሥር አሾልኮ ማስገባት የተለመደ ነው፤ አንድ ቀን ማፍሰሱ ግን አይቀርም።

ዲናሞዬ ይችለዋል?

ላዳ 2101 ላይ በልማድ ዲናሞ የምንለው አልተርኔተር ነው፤ 42 አምፔር ይሰጣል። የፊት መብራት፣ ኢግኒሽን፣ ማሞቂያና ፋን አንድ ላይ ሲደመሩ ወደ 30 ይደርሳሉ። ይችላል፤ ባትሪውና ቺንጋው ጤነኛ ከሆኑ። ማታ ትራፊክ ላይ ፋኑ ሲነሳ መብራቱ ለአፍታ ፈዘዝ ቢል አትደንግጡ።

እንደ ፊያት 600 ያሉ በእውነተኛ ዲናሞ የሚሠሩ የድሮ መኪኖች ግን ሌላ ናቸው። ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚያመነጨው ከምንም አይቆጠርም። ፋኑ የሚነሳው ደግሞ ልክ ያን ጊዜ ነው። ባትሪያችሁን ይጨርሰዋል። እዚያ ላይ የድሮው ይቆይ፣ አለበለዚያ መጀመሪያ አልተርኔተር ይግባ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ ቦዲያቸው ፖዘቲቭ ነው። ሽቦ ከማገናኘታችሁ በፊት የትኛው የባትሪ እግር ቦዲ ላይ እንደታሰረ እዩ።

ቴርሞስታቱን አውጥቼ ብጥለውስ? መካኒኬ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎኛል።

ይህ ምክር በየጋራዡ አለ። ለላዳ ግን ይጎዳል። የላዳ ቴርሞስታት ሲከፈት ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ይከፍታል፣ ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞረውን አቋራጭ ይዘጋል። ውስጡን አውጥታችሁ ከጣላችሁት አቋራጩ ሁሌ ክፍት ነው። ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ጠዋት ሞተሩ አይሞቅም፣ ዳገት ላይ ይፈላል። የተበላሸ ቴርሞስታት በአዲስ ይተካል።

ቮልስ አለኝ። የእኔስ ፋን?

ኤሊ የምንላት ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ ፋኗም ዲናሞው ዘንግ ላይ ተቀምጦ በላሜራ ቤቱ ውስጥ ይዞራል። ቺንጋው ከተበጠሰ ቻርጅም ማቀዝቀዣም አብረው ይሄዳሉ። ቀዩ የቻርጅ መብራት በራ ማለት ወዲያው ቁሙ ማለት ነው። መለዋወጫ ቺንጋ ሁሌ ከመቀመጫው ሥር ይኑር።

የሜካኒካሉን ፋን ሳወጣ ፑሌጃውን በድሮው ቡሎን ባስረውስ?

ቡሎኑ የፋኑን ውፍረት ታስቦ ነው የረዘመው። ፋኑ ሲወጣ ይረዝምባችኋል፤ ጫፉ ይደርስና ፑሌጃው ሳይጠብቅ የጠበቀ ይመስላል። አጠር ያለ ቡሎን ወይም ተገቢ ሮንዴላ ተጠቀሙ።

ገጥሜ ጨርሻለሁ። በምን ልፈትሸው?

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ውሃውን ከኩላንት ጋር ግማሽ በግማሽ ሙሉ። የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ይዝጋል። የማሞቂያውን ማዞሪያ ከፍታችሁ አየሩ እስኪወጣ ሞተሩን አስነሱ፣ የጎደለውን ጨምሩ፣ ክዳኑን ዝጉ።

ከዚያ ጠብቁ። ጌጁ ቀስ እያለ ይወጣል። ላዳ ላይ የራዲያተሩ የታችኛው ማኒኮቶ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ከፈተ ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ ሪሌው «ቀጭ» ይላል፣ ፋኑ ይነሳል፣ የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ይላል። ጌጁ መውረድ ጀምሮ ፋኑ ራሱ ያጠፋል። ይህ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ እስክታዩ አትሂዱ። በመሃል ሪሌውንና የፊውዙን ቤት በጣታችሁ ንኩ፤ ለብ ማለት ይችላል፣ ማቃጠል ግን የለበትም።

ሞተሩ ሲዞር ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ነገር ከኮፈኑ ሥር አይግባ። ፋኑ በቀጥታ ከባትሪ የሚነሳ ተደርጎ ከተገጠመ ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ድንገት ሊዞር ይችላል። ልጆች ካሉ አርቋቸው። ሙቅ ራዲያተር ክዳን በጨርቅም ቢሆን አትክፈቱ።

ደህና ከሆነ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አንድ ጊዜ ውጡ፤ ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ አሥር ደቂቃ አቁሙት። ጌጁ ከተለመደው ቦታ ካልዘለለ ሥራችሁ ይዟል። ከሳምንት በኋላ ቡሎኖቹን በሙሉ እንደገና በቁልፍ ሞክሯቸው፤ ላሜራው ከተቀመጠ በኋላ አንዱ ወይም ሁለቱ ሩብ ዙር መቀበላቸው አይቀርም።